በቴሌግራም ልጆችን ስለሚያስፈራሩ ሰዎች፦ ሕጉ ምን ይላል? ትምህርት ቤቱስ ምን ደንብ ያውጣ? (ደሴ)

ወላጅ ከሮቢት | የካቲት 14 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት በገቡበት በዚህ ወቅት እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ መምጣት ደስ አይልም፤ ነገሩ ግን ፋሲካንም ዒድንም የሚጠብቅ አይደለም።

ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ነኝ። አንዲት የ14 ዓመት የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ በቴሌግራም የሴት ልጅ ስምና ፎቶ ለጥፎ ከቀረባት ሰው ጋር ስትጻጻፍ ሰንብታ፣ ሰውዬው አንድ ምስሏን ካገኘ በኋላ «ሌላ ካልላክሽ ይህንን ለአባትሽ እልከዋለሁ» እያለ መያዣ አደረጋት። ሌላ ምስል እንደማትልክ ሲገባው ደግሞ በቴሌብር ገንዘብ ወደ መጠየቅ ዞረ። ልጅቷ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ነገሩ የታወቀው አያቷን «መጽሐፍ ልግዛ» እያለች በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ገንዘብ በመጠየቋ ነው። አያቷ ፊደል ባይቆጥሩም የአንድ ሳምንት ትምህርት ሦስት መጽሐፍ እንደማይፈጅ ያውቃሉ።

ቤተሰቡ ባወቀ በማግስቱ ሰውዬው ዛቻውን ፈጽሞ ምስሉን ለአንድ ዘመዷ ላከው። ይህንን ክር እንድከፍት ያደረገኝ ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። ምስሉ ከ100 በላይ አባላት ባሉት የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይህን ያደረገ ሰው ይያዝልን፤ ለሌሎችም ይዳረስ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተለጠፈ። ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር አድሮ ጠዋት ላይ የክፍል ጓደኞቿ ስልክ ውስጥ ተገኘ። ልጅቷ ከዚያን ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

ኅብረቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሰበሰባል። አንዳንዱ ወላጅ ስልክ ከግቢው ጨርሶ ይከልከል ይላል፤ አንዳንዱ ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ ይላል፤ ርእሰ መምህሩ ደግሞ «እኛ ፖሊስ አይደለንም» ብለዋል። እኔ ከስብሰባው በፊት ሕጉ በትክክል ምን እንደሚል፣ ትምህርት ቤቱም በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ምን ሊያስገባ እንደሚችል ከሚያውቅ ሰው መስማት እፈልጋለሁ።

ችሎት | የካቲት 14፣ ከምሽቱ 4፡45

ጥብቅና ሙያዬ ስለሆነ ከሕጉ ልጀምር፤ ትንሽ ብረዝምባችሁም ታገሡኝ።

ብዙ ሰው «ለዚህ ነገር ሕግ የለንም» ሲል እሰማለሁ፤ ትክክል አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከወጣ 10 ዓመት ሊሞላው ነው። አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በግልጽ ወሲባዊ ድርጊት ላይ የሚያሳይ ምስል ወይም ቪዲዮ በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ያዘጋጀ፣ ያስተላለፈ፣ የሸጠ፣ ያሰራጨ፣ ለሌላ ሰው እንዲደርስ ያደረገ ወይም ያለፈቃድ ይዞ የተገኘ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በምስሉ ላይ ያለው ሰው ልጅ ባይሆንም ልጅ መስሎ ከታየ ድንጋጌው ይሠራል፤ ስለዚህ ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የአንድን ተማሪ ፊት ከሌላ አካል ጋር እያገናኙ «እውነተኛ ምስል አይደለም» የሚሉ ሰዎች ከሕጉ ያመለጡ አይምሰላቸው። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 ወሲባዊ ንግግር፣ ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ በመላክ ልጅን ለእንዲህ ያለ ድርጊት ያነሣሣን ወይም የገፋፋን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ልብ በሉ፤ መነሻው ከንዑስ አንቀጽ 1 ከፍ ያለ ነው። ሰውዬው ምስል ባያገኝ እንኳ፣ ልጅቷን በዚህ መንገድ ለመሳብ የላከው መልእክት ብቻውን ያስጠይቀዋል። ዛቻውና ማስጨነቁ ደግሞ በአንቀጽ 13 ሥር ይወድቃል፤ ልጅቷን በአካል አግኝቶ ደፍሯት ቢሆን ኖሮ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃትን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ይጨመርበት ነበር።

ከዚህ በላይ ያለው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ ማንኛውም እርምጃ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። አገራችን የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ከተቀበለች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ሕፃናትን ለሽያጭ፣ ለዝሙትና ለወሲባዊ ምስል ማዋልን የሚከለክለውንም ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ2006 ዓ.ም. ተቀብላለች።

አሁን ወደሚያስከፋው ነገር ልምጣ። አንቀጽ 12 «ለመልካም ዓላማ ላሰራጨ» የሚል በር አልተወም። በወላጆች ግሩፕ ላይ «ይያዝልን» ብሎ ምስሉን የለጠፈው ሰው አሰራጭቷል፤ ተቀብሎ ወደ ሌላ ግሩፕ ያሳለፈውም አሰራጭቷል፤ ስልኩ ውስጥ አስቀምጦ ዝም ያለውም ይዞ ተገኝቷል። የምስሉ ይዘት አንቀጹ ከሚለው ደረጃ መድረሱን የሚወስነው መርማሪውና ፍርድ ቤቱ ነው፤ በዚህ ተማምኖ ማዞር ግን የለየለት ሞኝነት ነው።

በተረፈ የተጎዳችው ልጅ ቤተሰብ ዛሬውኑ ማድረግ ያለበት ይህ ነው። ምስሉን ለማንም አይላኩ፤ የዛቻውን ጽሑፍ፣ የሰውዬውን መለያ ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ በተለይም ገንዘብ የጠየቀበትን የቴሌብር ቁጥር ይያዙ። መለያ ስም በአንድ ደቂቃ ይቀየራል፤ ቁጥሩ ግን በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ሲም ካርድ ነው። አገልግሎት ሰጪው የግንኙነት መረጃን ለ1 ዓመት እንዲያቆይ በአዋጁ አንቀጽ 24 ተገድዷል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሰው ግን «ጠፍቷል» ቢባል የሚከራከርበት የለውም።

የቦርከና ዳር እናት | የካቲት 15፣ ከጠዋቱ 1፡10

እኔ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ወንድሜ ችሎት የጻፉትን ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት፤ ሕጉ እንዲህ ጠንካራ መሆኑን ያወቅሁት ዛሬ ነው። ሆኖም ሕጉ ያለበት ወረቀትና እኛ የቆምንበት መስኮት በጣም የተራራቁ ናቸው።

አምና በ13 ዓመት ልጄ ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ወደ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሌሎች ባለጉዳዮች ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው በበሩ በኩል ስለሆነ የምናገረውን ሁሉም ይሰማል። መዝጋቢው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስልክ ለምን ሰጠሻት?» ብሎ ነው። እኔ የሌሊት ፈረቃ ስገባ ሁለቱን ልጆች ብቻቸውን ትቼ ስለምሄድ፣ ቤት የሚቀረው ስልክ ከእነሱ ጋር ያለኝ ብቸኛ መገናኛ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ። ቀጥሎ «እስቲ ምስሉን በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ሳላይ ምን ብዬ ልመዝግብ?» አለኝ፤ የሰጠኝም የገዛ ስልኩን ቁጥር ነበር። የልጄን ምስል ለማላውቀው ሰው የግል ስልክ መላክ አልሆነልኝም፤ ተመልሼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ይዛኝ ሄዳ ከአንዲት የሴቶችና ሕፃናት መርማሪ ጋር አገናኘችኝ። እሷ በሩን ዘጋች፤ ምስሉን ለማየት አልጠየቀችኝም፤ የዛቻውን ጽሑፍ ብቻ አነበበች፤ ስልኩን ፖስታ ውስጥ ከትታ አሽጋ እኔንም እሷንም አስፈረመችን። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ሕግ፣ ሁለት ሰው! ስልኩ ግን ከሁለት ወር በላይ አልተመለሰልኝም፤ ደመወዜ የሚገባው በቴሌብር በመሆኑ ያን ጊዜ በሰው ስልክ ስለምን ነበር የከረምኩት። ይህንን ዐውቀው ዝም የሚሉ እናቶች እንዳሉ በፈረቃዬ ከማገኛቸው ሴቶች እሰማለሁ።

የድሮ ሰው | የካቲት 15፣ ከቀኑ 6፡30

ሁላችሁም የምትሉት ከተሰበረ በኋላ ስለ መጠገን ነው። እኔ የምለው ከመሰበሩ በፊት ነው። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በማኅበራዊ ሚዲያ መለያ እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች። ያን ያህል የሠለጠነ አገር ከከለከለ እኛ ምን እንጠብቃለን? ልጅ እስኪጎረምስ ድረስ የእጅ ስልክ ምን ያደርግለታል? እኛ ከጦሳ ሥር ተነሥተን እስከ ፒያሳ ድረስ በእግራችን ተመላልሰን ስንማር ማንም አልደወለልንም፤ ቤታችንም አልጠፋንም። ትምህርት ቤቱ ስልክ ይከልክል፤ መንግሥትም የዕድሜ ገደብ ያውጣ፤ ጉዳዩ በዚህ ይዘጋል።

ሦስተኛ ዓመት | የካቲት 15፣ ከቀኑ 9፡05

ጋሼ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የአውስትራሊያው ሕግ እርስዎ ባሉት መልክ የሚሠራ አይደለም። ግዴታው የተጣለው በልጆቹና በወላጆቻቸው ላይ ሳይሆን በኩባንያዎቹ ላይ ነው፤ ምክንያታዊ እርምጃ ያልወሰደ ኩባንያ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመልእክት መለዋወጫ ብቻ የሚያገለግሉ መተግበሪያዎች ከክልከላው ውጭ ተደርገዋል። በእኛ ከተማ ልጆቹ የሚጠመዱት በመልእክት መለዋወጫ በኩል ነው፤ ያንን ሕግ ቃል በቃል ብንገለብጠው እንኳ የዚህችን ልጅ ጉዳይ አይነካውም። ዕድሜስ በምን ይጣራል? እኔ በ12 ዓመቴ ቴሌግራም የከፈትኩት በእናቴ ስም በወጣ ሲም ነው፤ ለኩባንያው እኔ የ40 ዓመት ሴት ነበርኩ። ጥያቄም ከቴሌግራም ተልኮ ነው የምናጠናው፤ መምህራኑ ራሳቸው የክፍል ግሩፕ ከፍተው «ግቡ» ይሉናል።

ለተጎዳችው ልጅ የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማእከል የሚያስተዳድረው «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ ስም አይጠይቅም። ከ18 ዓመት በታች ሳለ የተነሣ ምስል ያለው ሰው ምስሉን ከስልኩ ላይ ሲመርጥ፣ አገልግሎቱ ከምስሉ የጣት አሻራን የሚመስል ቁጥር ያወጣል፤ የሚላከው ቁጥሩ እንጂ ምስሉ አይደለም፤ ምስሉ ከስልኩ አይወጣም። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ስናፕቻት ያንን ቁጥር እያመሳከሩ ምስሉ ሲጫን ያግዳሉ። በግል መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረውን ግን አያቆምም። ለቴሌግራም ደግሞ መልእክቱን ተጭኖ «ሪፖርት» ከሚለው ውስጥ የሕፃናት ጥቃት የሚለውን መምረጥ ይቻላል፤ ይህም መደረግ ያለበት ንግግሩን ከማጥፋትና ሰውዬውን ብሎክ ከማድረግ በፊት ነው። የእኔ ጓደኛ ደንግጣ ሁሉንም ካጠፋች በኋላ ነበር ወደ እኔ የመጣችው፤ የሚያዝ ነገር አጣን።

ጠጋኙ | የካቲት 15፣ ከምሽቱ 1፡40

አፍጥሬ ስመለስ ነው ክሩን ያየሁት። ደሴ ውስጥ የሞባይል ጥገና ቤት አለኝ። ስለ ቴሌግራም ብቻ ስታወሩ የእኛ ሙያ ተረስቷልና ስለ እሱ ልጻፍ።

አንድ ስልክ ስክሪን ሊቀየርለት ሲመጣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ የመክፈቻ ቁጥሩን ይነግረናል፤ እኛም በወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፈን ከጀርባው እንለጥፈዋለን። ስልኩ እስከ ማታ፣ አንዳንዴም ሦስትና አራት ቀን፣ ቁጥሩ ተለጥፎበት ከሃያ ሌሎች ስልኮች ጋር መሳቢያ ውስጥ ይውላል። በቤቱ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ለማጅ ልጆች አሉ። ክፉ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል መገመት አይከብድም። በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ፊልምና ዘፈን ከእኛ ሱቅ በሚሞሪ ካርድ ይጫን ነበር፤ ልጆችም በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይቀባበሉ ነበር። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ስለሌለ ልጆቻችን ደኅና ናቸው ያለ ሰው ተሳስቷል፤ የሚዞረው ያው ይዞር ነበር፤ ሪፖርት የሚያደርጉበት ቦታ ብቻ ነው ያጡት።

እኔ አሁን ስክሪን ለመቀየር ቁጥር አልቀበልም፤ ባለቤቱ ሲወስደው ራሱ ከፍቶ ይሞክረው። ሁለት ደንበኛ ተቆጥቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄዶብኛል። ጥያቄዬ ለሕግ ባለሙያው ነው፦ ከዚህ በፊት አንድ ለማጅ በደንበኛ ስልክ ላይ የልጅ ምስል አይቶ ነግሮኝ ነበር፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ስልኩን ዘግቼ መለስኩት። አጥፍቻለሁ?

ወላጅ ከሮቢት | የካቲት 15፣ ከምሽቱ 4፡00

ቀኑን ሙሉ ይህንን ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ። በግሩፑ ላይ ምስሉን የለጠፈው እኔ ነኝ። የልጅቷ አጎት «ለኅብረቱ አሳውቅልን» ብሎ ላከልኝ፤ እኔም ማሳወቅ ማለት ማሳየት መስሎኝ ለጠፍኩት። የልጅቷ ፊት ይታይ ነበር። በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዲት እናት «ምነው፣ ልጅቷን እኮ አጋለጥካት» ብላ ስትጽፍልኝ አጠፋሁት፤ ግን 20 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነበር። ለሕግ ባለሙያው፦ የሰው ጉዳይ አስመስዬ በማቅረቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ችሎት | የካቲት 16፣ ከጠዋቱ 3፡15

ወንድሜ፣ እንደ ጠበቃ በአደባባይ ሁሉንም መናገር ስለማይገባኝ የእርስዎን ጉዳይ በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ። ለሁሉም የሚጠቅመውን ብቻ እዚህ ላስቀምጥ። ድንጋጌው ሆን ተብሎ የተፈጸመን ድርጊት ይመለከታል፤ ሆን ብሎ ማለት ግን ልጅቷን ለመጉዳት ማሰብ ማለት አይደለም፤ ምን እንደሆነ እያወቁ ማሰራጨት ማለት ነው። ቅን ልቦና ቅጣትን ሊያቀል ይችል ይሆናል፤ ድርጊቱን ግን አያጠፋውም። ሰው ሳይፈልገው ራሱ ወደ መርማሪ ቀርቦ ምስሉ ከማን እንደ ደረሰውና ወዴት እንዳሳለፈው የተናገረ ሰው፣ መርማሪው ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ተከትሎ ዋናውን ሰው እንዲያገኝ ይረዳል፤ ስልኩን ፎርማት ያደረገ ሰው ግን ሁለተኛ ችግር ጨመረ።

ለጠጋኙ፦ ሳይገለብጡ፣ ለሌላም ሳያሳዩ ስልኩን ስለ መለሱ ምስሉን ይዘዋል ወይም አሰራጭተዋል ለማለት የሚቻል አይመስለኝም። አንቀጽ 27 የአዋጁን ወንጀሎች ሲያውቅ የማሳወቅ ግዴታ የጣለው በአገልግሎት ሰጪና በመንግሥት አካል ላይ ነው፤ የጥገና ቤት በዚያ ውስጥ ይገባል ብሎ መከራከር ይከብዳል። ከሕግ ግዴታ በመለስ ግን ለፖሊስ መናገር ነበረብዎ፤ ያቺ ልጅ የደንበኛዎ ልጅ ትሆናለች፣ ወይም ደንበኛዎ ራሱ ጥፋተኛው ይሆናል። ስለ ዜንደር ላነሡትም፣ አዋጁ ኮምፒዩተር የሚለው መረጃ የሚያቀናብር፣ የሚያከማችና የሚያስተላልፍ መሣሪያን ሁሉ ነው፤ የእጅ ስልክም ሚሞሪ ካርድም ከነዳታው ያለ ኢንተርኔት በዚያ ውስጥ ይገባሉ።

የኮምቦልቻዋን እኅታችንን ደግሞ ምስሉን አልልክም ማለትዎ ትክክል እንደነበር ልነግርዎ እወዳለሁ። ወደ መዝጋቢ የግል ስልክ የተላከ ምስል ማስረጃነቱ ደካማ ነው፤ ከዚያም በላይ አዲስ ቅጂ ነው። የታሸገው ፖስታና ሁለቱ ፊርማዎች ናቸው ማስረጃ።

መምህር ዘጦሳ | የካቲት 16፣ ከቀኑ 7፡50

መምህር ነኝ፤ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው፤ ሁለት ነገር ላንሣ። አንደኛ፣ ምስሉን ያዞሩት ተማሪዎች እራሳቸው ልጆች ናቸው፤ የ14 እና የ16 ዓመት ልጆችን 3 ዓመት ልናሳስር ነው? ይባስ ብሎ ልጅቷ ራሷ ምስሉን «አዘጋጅታለች» ሊባል ነው?

ሁለተኛው፣ ይህ አዋጅ ሲወጣ በጋዜጠኞችና በጦማሪዎች ዘንድ ስጋት እንደ ፈጠረ አስታውሳለሁ። አንቀጽ 25 በአስቸኳይ ጉዳይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግንኙነት እንዲጠለፍ በር ከፍቶ፣ ምክንያቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲቀርብ ያደርጋል። ነገ «ለልጆች ጥበቃ» በሚል ስም የሁላችንም መልእክት እንዳይነበብ እፈራለሁ።

ችሎት | የካቲት 16፣ ከምሽቱ 2፡30

መምህር፣ ሁለቱም ጥያቄዎችዎ ተገቢ ናቸው። በወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው በመደበኛው ቅጣት ሳይሆን እንደ ክትትልና ተግሣጽ ባሉ እርምጃዎች ይታረማል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ራሷን ስላነሣች ልጅ አዋጁ ዝም ብሏል። እሷን እንደ አዘጋጅ መክሰስ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ጋር የሚጋጭ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ሕግ አውጪው ይህንን በግልጽ ጽፎ ቢዘጋው ይሻል ነበር፤ ምክንያቱም አስፈራሪዎቹ ለልጆቹ የሚነግሩት የመጀመሪያው ውሸት «ብትናገሪ የምትታሠሪው አንቺ ነሽ» የሚል ነው።

ስለ ስለላው ስጋትዎን እጋራለሁ። የእኔ መልስ ግን የጎደለን የመጥለፍ ሥልጣን ሳይሆን ሰዓት ነው የሚል ነው። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሣ ይጠይቃል። ለልጆች ምስል ግን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 16 አገልግሎት ሰጪው ሥልጣን ካለው አካል ማሳሰቢያ ደርሶት ካላነሣ ይጠየቃል ከማለት ያለፈ፣ በስንት ሰዓት የሚል ነገር የለውም። አሜሪካ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ያለፈቃድ የወጣ የገመና ምስል ተጎጂው ባመለከተ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲነሣ አዛለች፤ አመልካቹ ራሱ ተጎጂው መሆኑን ልብ ይበሉልኝ፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይደለም። የማንንም መልእክት ሳያነቡ ይህንን መጻፍ ይቻላል።

አንድ የሥነ ሥርዓት ነገር ላክል። የኮምፒዩተር ወንጀልን በመጀመሪያ ደረጃ የማየት ሥልጣን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ በክልል ይህ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ተሰጥቷል። ስለዚህ «ለዚህ ጉዳይ አዲስ አበባ ሂዱ» ቢሏችሁ አትመለሱ።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ | የካቲት 17፣ ከጠዋቱ 4፡20

ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ «በሽማግሌ ይለቅ» የሚለው ቃል ነው። ወሎ ሽማግሌን የሚያከብር አገር ነው፤ ሸሁና ቄሱ አንድ ላይ ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ። እኔም ለሽምግልና ያለኝ ክብር ከማንም አያንስም። ነገር ግን በሥራዬ ካየኋቸው ጉዳዮች መካከል ሰውዬው ሩቅ ሳይሆን የሠፈር ሰው፣ አስጠኚ ወይም የአጎት ልጅ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ወዲያው ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ የሚያስታርቁት ሁለት ቤተሰብን ነው፤ ልጅቷ በመሐል የለችበትም። በአንዱ ጉዳይ እርቁ ያለቀው በአንድ በግና በይቅርታ ነበር፤ ምስሉ ከሰውዬው ስልክ መጥፋቱን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ ስጠይቅ ሁሉም ወደ መሬት አየ።

የሕግ ባለሙያው ያርሙኝና፣ የአዋጁ አንቀጽ 13 ስም ማጥፋትን በሚመለከተው ንዑስ አንቀጽ ላይ የግል አቤቱታ ይጠይቃል፤ አንቀጽ 12 ግን አይጠይቅም። ስለዚህ ቤተሰብ «ታርቀናል» ቢል የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም።

ኤክፓት፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ በአገራችን ባካሄዱት ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ ኢንተርኔት ተጠቃሚ ልጆች መካከል 10 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ በኢንተርኔት አማካይነት ከባድ ወሲባዊ ብዝበዛ እንደ ደረሰባቸው ተገምቷል። በአንድ ክፍል 50 ልጅ ቢኖርና ግማሹ ብቻ ስልክ ቢነካ፣ ሁለት ሦስት ልጆች ማለት ነው። እነሱ ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ወላጆቻቸው ስለ ዛሬዋ ልጅ ምን እንደሚሉ ጆሯቸውን ጥለው ነው የሚሰሙት። «ምን ቆርጧት ላከች» የሚል ወላጅ ለራሱ ልጅ በሩን ዘጋ ማለት ነው።

የድሮ ሰው | የካቲት 17፣ ከቀኑ 8፡00

የመጨረሻው ነገር ነካኝ። እኔም «ምን ቆርጧት» ያልኩ ሰው ነኝ፤ የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስልክ ይከልከል ያልኩትን ለትምህርት ሰዓት ብቻ ብዬ አሻሽላለሁ። ከዚያ ውጭ ያለውን እናንተ ታውቃላችሁ።

የቦርከና ዳር እናት | የካቲት 17፣ ከምሽቱ 3፡35

ስለ ደንቡ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ትምህርት ቤቱ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚቀርቡበት አንድ ሰው ይሰይም፤ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ የሚዘጋ በር ያለው ክፍልም ይሰጣት። ልጄ በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ለመምህሯ ልትናገር ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ መምህራን ማረፊያው ሰው ስለሞላበት «ጠመኔ ልወስድ ነው» ብላ ተመልሳለች።

ወላጅ ከሮቢት | የካቲት 22፣ ከቀኑ 10፡15

ትናንት ቅዳሜ ተሰበሰብን። ከአፍጥር በፊት እንዲያልቅ 8 ሰዓት ላይ ብንጀምርም እስከ 11 ቆየን። ሐሙስ ዕለት ወደ ሴቶችና ሕፃናት ምርመራ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ስልኬም እዚያው ነው፤ ይህንን የምጽፈው ከልጄ ስልክ ነው። ስብሰባው ሲጀመር ምስሉን የለጠፍኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ሁለት ወላጆች ከኅብረቱ እንድወጣ ጠይቀዋል፤ ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ አድሯል።

ደንቡ ላይ የገባው ብዙ አይደለም። ማንም ሰው፣ መምህርም ወላጅም ይሁን፣ እንዲህ ያለ ምስል ሲደርሰው እንዳያስተላልፍ፣ ከማን እንደ ደረሰው በዕለቱ ለተሰየመችው መምህርት እንዲናገር፣ እሷም በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ሆና ለፖሊስ እንድታደርስ ተስማማን። 24 ሰዓቱን ያስገባነው ከዚህ ክር ወስደን ነው። የጸሐፊዋ ቢሮ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ይለቀቃል። ስልክ በትምህርት ሰዓት ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ይሆናል፤ የክፍል ግሩፖች ደግሞ በርእሰ መምህሩ ስም ብቻ እንዲከፈቱ ተወስኗል። «በሽማግሌ» የሚለው ሐሳብ ሲነሣ አንድ ሸህ ራሳቸው ተነሥተው «ይህ የእኛ አይደለም፤ የመንግሥት ነው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ የተናገረ አልነበረም።

የሰውዬው የቴሌብር ቁጥር ባለቤት ታውቋል፤ መርማሪዋ ከዚህ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ልጅቷ ገና አልተመለሰችም። መምህርቷ ከአያቷ ጋር ተነጋግራ ደብተሯን በየሁለት ቀኑ ቤቷ እያደረሰች ነው፤ ትናንት የሒሳቡን የቤት ሥራ ሠርታ መልሳዋለች።